ኦሜጋ 3 ወይስ ሲኤልኤ? ለሩጫና ስብ ለመቀነስ

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። 68 ኪሎ ነኝ፣ ደሴ ነው የምሮጠው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርጄ ሰዓቴን እለካለሁ። የሆዴ ስብ እንዲቀንስና ሰዓቴ እንዲሻሻል ፈልጌ ሱቅ ብጠይቅ 1000 ሚሊግራም የሚል የዓሣ ዘይት ኦሜጋ 3 እና ሲኤልኤ የሚባል፣ ስብ ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጥ የስብ አሲድ ፍሬ አሳዩኝ። የቱን ልግዛ? በቀን ስንት? ጿሚ ነኝ፤ ተልባ አይተካውም?

ቦርከና፦
ሲኤልኤውን ተወው ወንድሜ። በቀን 3 ግራም ገደማ በተሰጠባቸው ጥናቶች የታየው የስብ ቅናሽ በአማካይ በሳምንት መቶ ግራም አይሞላም፤ ሆድ መንፋትና ተቅማጥ ግን አንዳንድ ሰው ላይ ያመጣል። ስኳር ያለበት ሰው ጭራሽ ባይነካው ይሻላል።

የዓሣ ዘይቱም ስብ አያቃጥልም። ራሱ ስብ ነው፤ አንዱ ግራም 9 ካሎሪ አለው። የሚጠቅመው ከከባድ ልምምድ በኋላ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም ትንሽ ለማለዘብ ነው፣ እሱም ለሳምንታት ሳይቋረጥ ከተወሰደ።

ፊት ለፊት የተጻፈው 1000 የዘይቱ ክብደት ስለሆነ አያታልልህ። ዕቃውን አዙረህ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚለውን ደምር፤ የዓሣ ዘይት ዋናዎቹ ኦሜጋ 3ዎች እነሱ ናቸው። 180 እና 120 ከሆነ አንዱ ፍሬ የሚሰጥህ 300 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ 1.5 ግራም ለማግኘት በቀን 5 ፍሬ ያስፈልግሃል። 60 ፍሬ የያዘው በ12 ቀን ያልቃል ማለት ነው፤ ዋጋውን በዚህ አስላው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር።

ጦሳ ሥር፦
አመሰግናለሁ። 5ቱን በአንዴ ነው?

ቦርከና፦
አይደለም፣ 3 ከምሳ 2 ከእራት ጋር። በባዶ ሆድ ከወሰድከው ዓሣ ዓሣ እያለ ያስገሳሃል፣ በደንብም አይዋጥም። ዘይት ያለው ሽሮ ይበቃል። ውድድር ያለህ ቀን ጠዋት አትሞክረው።

ስትገዛ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ የቆየውን አትውሰድ፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ዘይቱን ቶሎ ያበላሸዋል። አንዷን ፍሬ በመቀስ ቆርጠህ አሽትታት። የቆየ ቀለም የሚመስል፣ የሚሰነፍጥ ሽታ ካላት መልስላቸው።

ሐይቅ ዳር፦
ተልባን በተመለከተ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ 1.6 ግራም ገደማ ኤኤልኤ የሚባለውን የዕፅዋት ኦሜጋ 3 ይሰጣል፤ ሰውነታችን ግን ከዚያ ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ነው፣ ወደ ዲኤችኤማ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥሩ ምግብ ነው፣ ምትክ ግን አይሆንም። ሳይፈጭ ከተዋጠ ደግሞ እንዳለ ይወጣል። በስሱ አመስ አድርገህ የሳምንቱን ብቻ ፍጭ፤ ብዙ ፈጭተህ ካስቀመጥክ ዱቄቱ ይመራል። ከሩጫ በፊት አትጠጣው፣ ሆድ ያከብዳል።

የዓሣ ዘይት ፍሬው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ጄላቲን ነው፤ በብዛት የሚሠራው ከከብት ወይም ከአሳማ ስለሆነ ጿሚም ሙስሊምም ማየት አለበት። ከአልጌ የሚሠራ ዘይት ካገኘህ ግን ዲኤችኤ አለው፤ ሽፋኑም ከዕፅዋት መሆኑን አረጋግጥ። ፍስክ ላይ ከሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ይልቅ የቆርቆሮ ሰርዲን ይሻልሃል፤ ቆሮሶ ስቡ ትንሽ ነው።

ሰዓትህን ደግሞ እዚያው ደሴ ለካ። ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል እዚያ የሚሻሻለው ሰዓት ከአየሩ የመጣ እንጂ ከፍሬው አይደለም።