ሌንሱ በማይነቀል ካሜራ ዋልያን እንዴት ላቅርበው?

ጀማሪው፦ ጤና ይስጥልኝ። ያለኝ ካኖን ፓወርሾት ጂ12 ነው፤ ዙሙ በሙሉ ፍሬም (በ35 ሚሊሜትር ፊልም መጠን) ስሌት ከ28 እስከ 140 ሚሊሜትር። ስሜን ስሄድ ጭላዳዎቹን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አነሳኋቸው፣ ዋልያው ግን ከገደሉ ማዶ ቡናማ ነጥብ ሆኖ ቀረ። በሚቀጥለው ወር ልመለስ ነው። አክስቴ ከዲሲ ስለምትመጣ የማስመጣው ነገር አለ? «ሌላ ካሜራ ግዛ» እንዳትሉኝ፣ ብር የለም።

አሮጌ ሌንስ፦ አለ። በሌንሱ ዙሪያ ያለው ቀለበት ይወልቃል፤ በቦታው ኤልኤ-ዲሲ58ኬ የሚባለው አዳፕተር ይገባል፣ እሱ ላይ ቲሲ-ዲሲ58ዲ ቴሌኮንቨርተር (ሩቁን የሚያቀርብ ተጨማሪ ሌንስ) ይጠመዘዛል። 1.4 እጥፍ ስለሆነ 140ው 196 ይሆናል። ከፊት የሚገጠም በመሆኑ የሌንሱ መክፈቻ ኤፍ/4.5 እንዳለ ይቆያል፣ ብርሃን አይበላብህም። ዙሙን ጨርሰህ ካልተጠቀምክ ግን ጥግ ጥጉ ይጠቁራል። ስም የለሾቹን «2 እጥፍ» የሚሉትን አደራ አትግዛ፤ ዳር ዳሩን ያደበዝዙታል፣ ቀንዱንም ሐምራዊ ጠርዝ ያለብሱታል።

የጎንደር ልጅ፦ እኔ አክስትህን ለዚህ አላስቸግርም። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሥተህ በኮምፒውተር ያንኑ 1.4 ብትቆርጠው ከ10 ሜጋፒክስል 5 ያህል ይተርፍሃል፣ ለስልክ መች አነሰ? ይልቅ እዚያው ስሜን፣ ጨነቅ ካምፕ እደርና በማለዳ ውጣ።

ወፍ ቆጣሪዋ፦ ባይኖኩላር የለህም? የካሜራውን ሌንስ ከባይኖኩላሩ አንዱ የዓይን መመልከቻ ጋር ግጥም አድርገህ አንሣ። ባለ 8 እጥፍ ከሆነና የካሜራውን ዙም 50 ሚሊሜትር ላይ ብታደርገው 400 ሚሊሜትር ደረስክ ማለት ነው። መጀመሪያ ባይኖኩላሩን በዓይንህ አጥራው። እኔ ሁለቱን የማያይዘው ከካርቶን በሠራሁት ቱቦ ነው፤ ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ።

ጀማሪው፦ የአባቴ 7×50 (7 እጥፍ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር) አለ! ሞከርኩት፣ ግን መሀል ላይ ክብ ብቻ፣ ዙሪያው ጥቁር። ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

ወፍ ቆጣሪዋ፦ የባይኖኩላሩን መመልከቻ ጎማ ወደ ኋላ እጠፈው፣ ከዚያ ጥቁሩ እስኪጠፋ ዙም ጨምር። 7×50 ደግሞ ለዚህ ምቹ ነው፦ 50 ሲካፈል ለ7፣ የሚወጣው የብርሃን ክብ 7 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ሌንሱ ትንሽ ቢያፈነግጥም ይታገሥሃል። ለመንቀጥቀጡ ባይኖኩላሩን ጤፍ በሞላ ከረጢት ላይ አስደግፍና በ2 ሰከንድ ታይመር ልቀቀው።

ጀማሪው፦ ጎማውን አጠፍኩት፣ ሠራ! የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያለችው ርግብ ዓይኗ ሳይቀር ታየኝ። ጤፉን ግን እናቴ ከለከለችኝ፣ በሽምብራ ተክቼዋለሁ።