ለጥምቀት የጋራ የፎቶግራፍ ሥራ የቀረበ ረቂቅ ዕቅድና የአባላት ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባችን በተስማማነው መሠረት ከጥር 10 እስከ ጥር 12 በጃንሜዳ የምናካሂደውን የጋራ ሥራ ረቂቅ ለውይይት አቅርቤያለሁ። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ያገኘው የተበታተነ ምስል ነው። እኛ የምናስበው አሥራ ሁለት አባላት ሥራ ተከፋፍለው፣ ታቦታቱ ከመንበራቸው ከሚወጡበት ሰዓት ጀምሮ እስኪመለሱ ድረስ ያለውን ሂደት በ40 ምስሎች የሚያሳይ አንድ ወጥ ሥራ እንዲያዘጋጁ ነው።

ረቂቁ አባላቱን በሦስት ቡድን ይከፍላል፦ የከተራ ጉዞ፣ የሌሊቱ ማኅሌት፣ የጠዋቱ ጸበልና የመልሱ ጉዞ። ለግዢ የቀረበው ሁለት ባለ ኤፍ 2.8 ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር ሌንስ (ከሩቅ አቅርቦ የሚያሳይ) ነው። ምስሎቹ 30 በ45 ሴንቲሜትር ሆነው ታትመው ለዕይታ ይቀርባሉ። ሐሳባችሁን በነፃነት እንድትሰጡ እጠይቃለሁ፤ ለአስተዳደሩ የሚቀርበው የመጨረሻው ሰነድ ከዚህ ውይይት የሚወጣው ነውና።

የዕቃ ክፍል ኃላፊ፦

ጸሐፊያችን ለደከሙበት ረቂቅ ምስጋናዬን አስቀድሜ፣ በሌንስ ግዢው ግን እንደማልስማማ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ጃንሜዳ በከተራ ዕለት ሰው ከሰው ጋር ተጠጋግቶ የሚቆምበት ሜዳ ነው። በ200 ሚሊሜትር አንድን ፊት ስናነጣጥር በእኛና በዚያ ሰው መካከል ሃያ ራስ፣ አሥር ጥላና አሥራ አምስት ከፍ ያለ ስልክ ይገባል። በዚያ ሥፍራ የሚሠራው ሌንስ 35 እና 50 ሚሊሜትር ነው፤ ሌሊትም በጧፍ ብርሃን የሚያስፈልገን ኤፍ 1.8 እንጂ ኤፍ 2.8 አይደለም፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይበዛልና። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ከአንድ ስቶፕ (ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ከሚሆንበት ልክ) በላይ ልዩነት አለ፤ ይህም ማለት አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200 ይበቃን የነበረበት ቦታ ከ6400 በላይ እንወጣለን ማለት ነው። በአንዱ ትልቅ ሌንስ ዋጋ በርካታ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንሶች መግዛት ይቻላል።

ከመግዛታችን በፊት የካሜራዎቻችን ዝርዝር ይሠራ። ከአባላቱ አምስቱ ኒኮን፣ አራቱ ካኖን፣ ሦስቱ ሶኒ ይዘዋል፤ የአንዱ ሌንስ ለሌላው አይገጥምም። በኒኮን ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ፦ የዲ 3000 እና የዲ 5000 ተከታታይ ካሜራዎች የፎከስ ሞተር በአካላቸው ውስጥ ስለሌላቸው፣ አሮጌው ባለ “ዲ” 50 ሚሊሜትር ሲገጠምላቸው ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ይላል። ርካሽ ነው ተብሎ ያንን ገዝተን በሌሊት የሚንቀሳቀስ መዘምር ላይ በእጅ ፎከስ እንዲያደርጉ ወጣቶቹን ማስገደድ አልፈልግም። የራሱ ሞተር ያለው ባለ “ጂ” ይገዛ። እንዲሁም ካሜራዎቻችን አነስ ያለ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበል ክፍል) ያላቸው በመሆናቸው 50 ሚሊሜትሩ በኒኮንና በሶኒ እንደ 75፣ በካኖን እንደ 80 ሆኖ ዕይታውን እንደሚያጠብ ይታወቅ፤ ስለዚህ ለሰፊ ዕይታ በእጃችን ያለው ባለ 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ አብሮ ይያዝ።

የሜዳው አቧራ የማይናቅ ነው። ሌንስ መቀየር ቢያስፈልግ በቦርሳ ውስጥ፣ የካሜራው አፍ ወደ ታች ሆኖ ይቀየር። የተሻለው ግን እያንዳንዱ ሰው በአንድ ሌንስ ውሎ መመለሱ ነው።

የሠርግ ፎቶግራፍ የምታነሣ አባል፦

ጋሼ ስለ ሌንሱ የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ረቂቁ ስለ ብርሃን አንድም ቃል አለመጻፉ ነው፤ በእኔ እምነት የዚህ ሥራ ልብ እዚያ ላይ ነው። ጥምቀት ማለት በጠራ የጥር ፀሐይ ሥር፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰ ጠይም ሕዝብ ማለት ነው። ካሜራ ደግሞ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ የተሠራ መሣሪያ ነው። የምስሉ አብዛኛው ክፍል ነጠላ ሲሆን የብርሃን መለኪያው “ብርሃኑ በዝቷል” ብሎ ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ፊቱም ይጠፋል።

ይህ በእኔ ደርሶብኛል። ከዓመታት በፊት በዚሁ በዓል አንዲት እናት እጃቸውን ወደ ጸበሉ ዘርግተው ሲያለቅሱ አነሣሁ። በካሜራው ስክሪን ላይ በፀሐይ ውስጥ ሳየው ያማረ መሰለኝ። ማታ ቤቴ ስከፍተው የነጠላቸው ጥለት እያንዳንዱ ክር ይታያል፤ ፊታቸው ግን ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። በጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ በሚያስቀምጠው ፋይል) ብቻ ስለነበር ያነሣሁት፣ ፊቱን ለማውጣት ስሞክር ከዕንባቸው ይልቅ የዲጂታል ፍርፋሪ ወጣ። ያቺን ምስል እስካሁን አላጠፋኋትም።

በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ይህ ችግር አዲስ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር፤ ካርዱም “ሸርሊ” ይባል ነበር። የጠይምና የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ልክ ሲታተም ዝርዝሩን ያጣ ነበር። የዛሬ ሴንሰር ከፊልሙ እጅግ የተሻለ ቢሆንም፣ ለፊታችን የሚገባውን ብርሃን የመስጠቱ ኃላፊነት የእኛው ነው።

ስለዚህ በዕቅዱ ውስጥ እንደ ግዴታ እንዲገቡ የምጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ሁሉም አባል በሮው (ካሜራው ያየውን ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) ያንሣ። ነጠላ በሞላው ምስል ላይ ከካሜራው ልክ አንድ ስቶፕ፣ አንዳንዴም አንድ ከሲሶ ይጨመር። ከዚህ የሚበልጠው ዘዴ ግን በስፖት (በአንዲት ትንሽ ነጥብ ላይ ብቻ) መለካት ነው፤ በጠይም ፊት ላይ ተለክቶ አንድ ስቶፕ ይቀነሳል፣ ምክንያቱም ጠይም ፊት ከመካከለኛው ግራጫ ትንሽ ጠቆር ያለ ነውና። ፊት ላይ ለማነጣጠር ጊዜ ለማይኖረው ሰው የራሱን መዳፍ በዚያው ብርሃን ውስጥ አውጥቶ ይለካ፤ መዳፍ በሁላችንም ከግራጫው አንድ ስቶፕ ያህል የሚፈካ በመሆኑ በተለካው ላይ አንድ ስቶፕ መጨመር ነው።

ከባዱ የድባቡ ጉዳይ ነው። ካህኑ በድባብ ጥላ ሥር ናቸው፣ ከኋላቸው ያለው ሕዝብ በፀሐይ ውስጥ ነው፤ ልዩነቱ በቀላሉ ሦስት ስቶፕ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ከሁለት አንዱን መምረጥ ይኖርብናል፤ የእኔ ምርጫ ፊት ነው። ከኋላ ያለው ነጠላ በብርሃን ነጥቶ ዝርዝሩን ጥቂት ቢያጣ ሰው ይረዳዋል፤ የጠፋ ፊትን ግን ማንም አይረዳም። ከተቻለ ደግሞ ፀሐይ ያረፈባቸው ነጭ ለባሾች ከካህኑ ፊት ለፊት ያሉበትን አቅጣጫ እንፈልግ፤ ነጠላቸው ብርሃኑን መልሶ በድባቡ ሥር ባለው ፊት ላይ ያፈስሰዋል። ከዚያ የተሻለ አንጸባራቂ በገንዘብ አይገዛም።

በዲቁና የሚያገለግል አባል፦

እኅታችን ስለ ፊት የተናገረችው ልቤን ነክቶታል። እኔ ደግሞ ስለ ሥርዓቱና ስለ ሰዓቱ ልጨምር።

በከተራ ዕለት ታቦታቱ ከየአድባራቱ የሚነሡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወደ ጃንሜዳ የሚገቡትም ብርሃኑ እየለዘበ ሲሄድ ነው። ለፎቶግራፍ ይህ መልካም ሰዓት ቢሆንም የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቡድን ከ8 ሰዓት ጀምሮ በቦታው ይገኝ። ሌሊቱ ማኅሌት ነው፣ ከዚያም ቅዳሴ ይቀጥላል፤ ሲነጋ ጸበሉ ተባርኮ ይረጫል። ከዚያ በኋላ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ሲመለሱ የሚካኤል ታቦታት ግን አድረው በጥር 12 በቃና ዘገሊላ ነው የሚመለሱት። ረቂቁ እስከ ጥር 12 መዘርጋቱ ትክክል ነው፤ ሦስተኛው ቡድን ግን በ11 ቀን ደክሞ ወደ ቤቱ እንዳይበተን ለሁለት ይከፈል።

ወጣቶች ከታቦቱ ፊት ምንጣፍ እያነጠፉ፣ ያለፈበትን እየጠቀለሉ በሩጫ ወደ ፊት ይወስዳሉ። በዚያ ምንጣፍ ላይ ማንም ፎቶግራፍ አንሺ እንዳይረግጥ፣ በታቦቱና በሕዝቡ መካከልም ቆሞ ወደ ኋላ እየተራመደ እንዳያነሣ በዕቅዱ በግልጽ ይጻፍ። ይህን ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ሕዝቡ በትዕግሥት ዝም ቢልም ልቡ ያዝናል። ከምንጣፉ ጎን በጉልበት ተንበርክኮ ማንሣት ከአክብሮቱም በላይ ምስሉን ያሳምረዋል፤ ድባቡ ከሰማይ ጋር ይገናኛል። በማኅሌቱ ጊዜ ፍላሽ ፈጽሞ አይበራ። ከደብሩ አስተዳደርና ከበዓሉ አስተባባሪዎች የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቁን እኔ እወስዳለሁ።

ስለ ሌሊቱ አንድ የተግባር ነገር፦ በድንኳኑ ዙሪያ የኤሌክትሪክ መብራት ይኖራል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ አምፖሎቹ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ሹተሩ (የካሜራው መዝጊያ) ክፍት የሚሆንበት ጊዜ 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ከሆነ ምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበር አይወጣም። ለሽብሸባው ደግሞ 1/50 ሞክሬ ወድጄዋለሁ፤ የመዘምራኑ ፊት ጸንቶ መቋሚያው ብቻ ይወዛወዛል።

በስልክ የሚያነሣ ወጣት አባል፦

ካሜራ የለኝም፤ ይሁንና በሥራው ለመሳተፍ እፈልጋለሁ። ስልኬ በሌሊት ብዙ ምስሎችን ደራርቦ አንድ የሚያደርግ በመሆኑ የሚንቀሳቀስ ሰው ተደራርቦ ይወጣበታል፤ በቀን ግን ጥሩ ይሠራል፣ በሮውም ያነሣል። ሕፃናት ጸበል ሲረጩ፣ ሰው በስልክ በማይፈራበት ቅርበት ለማንሣት እንድመደብ እጠይቃለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦

ወንድማችን በቀኑ ቡድን ቢመደብ ተቃውሞ የለኝም። ከሌንሱ ባሻገር አንዳንድ አባላት አዲስ ካሜራ ካልተገዛ 30 በ45 አይታተምም የሚል ሐሳብ ስላነሡ ሒሳቡን ሠርቼ ላቅርብ። 45 ሴንቲሜትር ወደ 17.7 ኢንች ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በረጅሙ ጎን 6,000 ፒክስል ስለሚሰጥ በኢንች ከ330 ፒክስል በላይ ይደርሳል፤ ለሕትመት የሚጠየቀው 300 ነው። አሮጌው ባለ 12 ሜጋፒክስል እንኳ 4,288 ፒክስል ስላለው በኢንች 240 ይደርሳል፣ በግድግዳ ላይ አንድ እርምጃ ርቆ ለሚመለከት ሰው ያ በቂ ነው። ስለዚህ ለካሜራ ግዢ የሚወጣ ገንዘብ የለም።

ከዚህ የሚተርፈውን ለአንድ ነገር እንድናውለው አጥብቄ እጠይቃለሁ። ፊታቸው ጎልቶ የሚታይ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ የታተመ ፎቶግራፍ ይሰጣቸው። ከሕዝባችን ስንቱ ተነሥቶ ምስሉን ሳያየው ይቀራል።

የዕቃ ክፍል ኃላፊ፦

የገንዘብ ያዥዋን ሐሳብ እቀበላለሁ። ተግባራዊ እንዲሆን ግን እያንዳንዱ አባል ትንሽ ቁጥር ያለበት ካርድ ይያዝ፤ ሰውየውን ካነሣ በኋላ ካርዱን ይስጠው፣ ቀጥሎም ካርዱን ራሱን ያንሣው። በካሜራው ውስጥ ምስሉና ቁጥሩ ተከታትለው ስለሚቀመጡ ማን ማን እንደሆነ አይጠፋም። ካርዱ ላይ የማኅበሩ ስልክ ይጻፍ፤ የእነርሱን ስልክ አንጠይቅ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

በውይይቱ መሠረት ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ። የሁለቱ ትልልቅ ሌንሶች ግዢ ተሰርዞ፣ የካሜራዎቻችን ዝርዝር ከተሠራ በኋላ ለየዓይነቱ የሚገጥሙ አራት ባለ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሶች፣ ስምንት ተጨማሪ ባትሪዎችና የአቧራ መንፊያ ይገዛሉ። ቡድኖቹ አራት ይሆናሉ፤ አራተኛው የጥር 12ን የሚካኤል መልስ ብቻ ይከታተላል። ሮው ማንሣት፣ ፍላሽ አለማብራትና ምንጣፉን አለመርገጥ ለሁሉም ግዴታ ናቸው። ለተነሡ ሰዎች ፎቶግራፍ የመስጠቱ ሐሳብ የዕቅዱ ሁለተኛ ዓላማ ሆኖ ከዕይታው እኩል ተቀምጧል፤ ይህ በመጀመሪያው ረቂቅ አለመኖሩ የእኔ ጉድለት ነው።

ሳንስማማ የቀረነው በአንድ ነገር ነው፦ አንዳንድ አባላት ሥራው በሙሉ በጥቁርና ነጭ እንዲሆን በግል ጽፈውልኛል። የእኔ አስተያየት የድባቡ ወርቅ፣ የነጠላው ጥለትና የምንጣፉ ቀይ ከተወሰዱ በዓሉ ይጎድላል የሚል ነው፤ ውሳኔው ግን ምስሎቹ ከታዩ በኋላ በጋራ ይሰጥ።

ለሙከራ ኅዳር 12 ቀን ተመርጧል። በሚካኤል ክብረ በዓል ነጠላውም፣ ድባቡም፣ የጠዋት ፀሐዩም ስለሚኖሩ እኅታችን የመዳፉን አለካክ በቦታው ታሳየናለች፣ ዲያቆናችንም የት መቆም እንዳለብን ያመለክተናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተሞላ ባትሪና ባዶ ሜሞሪ ካርድ ይዘን በደብሩ በር እንገናኝ፤ ወንዶችም ሴቶችም ነጠላችሁን እንዳትረሱ።