በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ የእጅ አንጓ ይነሳል፣ ጣቶች ግን አይዘረጉም

ጥያቄ፦ ስትሮክ ያገኘው ታካሚ ላይ ማነቃቂያው ሲበራ አንጓው ወደ ላይና ወደ አውራ ጣት በኩል ይጎተታል፤ ጣቶቹ ግን እንደተጨበጡ ይቀራሉ። መሣሪያው 35 ሄርዝ (በሰከንድ 35 ምት)፣ የእያንዳንዱ ምት ርዝመት 250 ማይክሮ ሰከንድ ላይ ነው። የኤሌክትሪኩን ጉልበት ልጨምር?

መልስ 1፦ አይጨምሩ፤ ችግሩ የኤሌክትሮዱ (ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓድ) ቦታ ነው። ከክርን በታች በአውራ ጣት በኩል ያሉት ጡንቻዎች የሚያነሱት አንጓን ብቻ ነው። ጣት የሚዘረጋው ጡንቻ በክንዱ ጀርባ መሃል ላይ ነው። መሣሪያውን ዜሮ ላይ መልሰው የላይኛውን ኤሌክትሮድ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያሽሹት፤ ካልሆነ ትንሽ ወደ ታች። አንጓው ከመጠን በላይ ሲነሳ የጣት ማጠፊያ ጅማቶች ስለሚወጠሩ ጣቶቹ ይበልጥ ይጨበጣሉ። ጉልበት ሲጨመር ደግሞ ማጠፊያዎቹም ሊነቁ ይችላሉ።

መልስ 2፦ ጣቶቹ መጀመሪያ ተዘርግተው ቆይተው እምቢ ካሉ የጡንቻ ድካም ነው። 5 ሰከንድ ሥራ፣ 15 ሰከንድ እረፍት ይስጡ፤ ጉልበቱም በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይውጣ። ከሁሉም በላይ ግን ታካሚው ራሱ እጁን ለመክፈት አብሮ ይሞክር!

መልስ 3፦ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያለው ሰው ላይ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞከርም። ክንዱ ስሜት ከሌለው ማቃጠሉን ስለማይነግርዎ ቆዳውን እየገለጡ ይዩ። ጠርዙ የተላቀቀ ወይም ጄሉ የደረቀ ፓድ ይቀየር።