ላኪ ሉክን ከየትኛው ልጀምር?

የልጅ እናት፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ብራስልስ ነው። ልጄ ከላይብረሪ ላኪ ሉክ የሚባለውን የካውቦይ ኮሚክ አምጥቶ ሌሊቱን በሳቅ ሲንከተከት ያድራል። የኔ ፈረንሳይኛ የተሰባበረ ስለሆነ አብሬው እያነበብኩ ልለማመድበት አሰብኩ፣ ግን ከሰባ ቅጽ በላይ ነው አሉኝ! በተራ ማንበብ ግድ ነው? ደግሞ ያ ሁሉ ሽጉጥና ሲጋራ ለልጅ ይሆናል?

ኮሚክ ወዳጅ፦
ተራ ምናምን የለውም እህቴ፣ አብዛኛው ቅጽ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ግን ከመጀመሪያዎቹ አትጀምሪ። ቤልጂጋዊው ሞሪስ በፈረንጆቹ 1946 ሲጀምረው ጽሑፉንም ሥዕሉንም ራሱ ነበር የሚሠራው፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ሳቁ ግን ገና ነው። በ1955 ጎሲኒ (አስቴሪክስ የሚባለውን ኮሚክ የጻፈው) መጻፍ ሲጀምር ነው ነገሩ የተለወጠው። በ1977 እስኪሞት የጻፋቸውን ካገኘሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ።

በተለይ ዳልተኖቹ ያሉበትን! ሞሪስ በእውን የነበሩትን የዳልተን ወንበዴዎች በአንድ ቅጽ ጨርሷቸው ነበር፣ ጎሲኒ ደግሞ "የአጎት ልጆቻቸው" ብሎ አራት ሌሎች አመጣ። ቁመታቸው እንደ ደረጃ ነው። አጭሩ ጆ እሳት ነው፣ ሁሌ ይጦፋል። ረጅሙ አቬረል ግን ባንክ ሲዘርፉም፣ ከእስር ቤት ሲያመልጡም ጭንቀቱ "መቼ ነው የምንበላው?" ብቻ ነው። እኔ እዚህ ጋ ነው የምሞተው።

ጨረቃ ነኝ፦
ሲጋራው አያሳስብሽ። ከ1983 ጀምሮ ሲጋራው ቀርቶ በአፉ የሚይዘው የሳር ሰበዝ ነው፣ በ1988 የዓለም ጤና ድርጅት ሳይቀር ሞሪስን ሸልሞታል። የድሮዎቹ ላይ ግን ያው ያጨሳል፣ እያየሽ። ሽጉጡም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሰውን መሣሪያ ከእጁ ለማስጣል ነው። "ከጥላው ፈጥኖ ይተኩሳል" ይሉታል፤ የመጽሐፉን ጀርባ አገላብጠሽ እዪው፣ ጥላው ሽጉጡን ሳይመዝ ሆዱ ተበስቷል 😂

ሐበሻ በፓሪስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የድሮዎቹ ላይ ቻይናው ሁሌ ልብስ አጣቢ፣ ሜክሲኮው ሁሌ እንቅልፋም ነው፤ ጥቁር ሰው ደግሞ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ልጅሽ ከጠየቀሽ አትለፊው፣ አውሩበት። በ2020 የወጣው፣ ጁል የጻፈው አሽዴ የሳለው ቅጽ ግን ደስ ይላል። ሉክ ሉዊዚያና ውስጥ የጥጥ እርሻ ይወርስና መሬቱን እዚያ ለሚሠሩት ጥቁሮች ልስጥ ሲል ጉድ ይፈላል። ባስ ሪቭስም አለበት፣ በባርነት ተወልዶ የሕግ አስከባሪ የሆነ በእውን የነበረ ሰው ነው። እኔ ብሆን ለልጄ ከዚህ ነው የምጀምርለት።

የልጅ እናት፦
ተባረኩ! ልጄ ግን የያዘው ውሻ ያለበትን ነው። ያ ውሻ ምን ነክቶት ነው ወንበዴውን የሚከተለው?

ኮሚክ ወዳጅ፦
ራንታንፕላን ነው! የእስር ቤት ጠባቂ ውሻ ነኝ ይላል፣ ግን ከሱ የባሰ ጅል በካውቦዮቹ አገር የለም። ጆ ዳልተን ሊያየው አይፈልግም፣ እሱ ግን የሚወደው ይመስለዋል። የሉክ ፈረስ ጆሊ ጃምፐር ቼዝ ይጫወታል፣ ውሻው የገዛ እስረኛውን ይናፍቃል።