ወጣቶቻችን መስጠትን እንዲጀምሩ እንዴት እናበረታታቸው?

የዕድር ጸሐፊ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ዕድራችን ከቀብርና ከልቅሶ ባሻገር ጧሪ ለሌላቸው 11 አረጋውያን በየወሩ ጤፍ፣ ዘይትና ሳሙና ያቀርባል። ሥራው የተጀመረው ኤችአይቪ ብዙ ቤት ባራቆተበት ዘመን ነው፤ ያኔ እንደ ብዙዎቹ የከተማዋ ዕድሮች እኛም መተዳደሪያ ደንባችንን አሻሽለን ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመርን። ዛሬ በዚያን ጊዜ ያዋጡ የነበሩት አባላት አርጅተዋል፤ ሁለቱ እንዲያውም ከተረጂዎቹ መካከል ናቸው።

ባለፈው ዓመት ሥራ የያዙ 34 የአባላት ልጆችን ሰብስበን በወር 100 ብር እንዲያዋጡ ጠየቅን። የጀመሩት አምስት ሲሆኑ ከሦስት ወር በኋላ የቀጠሉት ሁለት ብቻ ናቸው። የቀሩት «ደመወዜ ከፍ ሲልልኝ» ይላሉ። ዓይናችን እያየ ያደጉ ልጆች ስለሆኑ ደግነት እንደማይጎድላቸው አውቃለሁ። ሳናሳፍራቸውና ሳናስጨንቃቸው መስጠትን እንዲለምዱ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ባንክ ቤት የምሠራ

ጋሼ፣ እኔ የ26 ዓመት ወጣት ነኝና ከእኛ ወገን ሆኜ ልመልስልዎ። አብዛኞቻችን ደመወዝ በገባ ማግስት ለእናታችን አስቤዛ፣ ለታናናሾቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችን ደግሞ የመድኃኒት እንልካለን። ይህን ማንም በመዝገብ አይጽፈውም እንጂ መስጠት ነው። ስብሰባው «የዛሬ ወጣት» በሚል ወቀሳ ሲከፈት ልባችን የሚዘጋውም ለዚሁ ነው። እባክዎ፣ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህንን ዕወቁልን።

እኔን ያስጀመረኝ ስብከት አልነበረም። የጓደኛዬን ልደት ለማክበር ምሳ ይዘን ወደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሄድን። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን የማዕከሉን መፈክር ብዙ ጊዜ ሰምቼው አልፌው ነበር። ያን ቀን ግን የአንዲት እናት ጥፍር ስቆርጥ እጄን ያዝ አድርገው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የአያቴን አገር ስነግራቸው ልጅ ሳለሁ ውኃ የቀዳሁበትን ወንዝ በስሙ ጠሩልኝ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ 50 ብር መላክ አንድም ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ስለዚህ ጋሼ፣ መጀመሪያ ገንዘብ አትጠይቁን። ጤፉን ተሸክመን ወደየቤቱ የምናደርሰው እኛ እንሁን። መዋጮው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ መነሻውም 100 ሳይሆን 20 ብር ቢሆን ይበቃል።

የመርካቶ ነጋዴ

እኅታችን በተናገረችው እስማማለሁ። «ሲኖረኝ እሰጣለሁ» ለሚለው ሐሳብ ግን በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ግልጽ መልስ አለው። ዘካ ግዴታ የሚሆነው ሀብት ወደ 85 ግራም ወርቅ ከሚገመተው መጠን ሲደርስና ዓመት ሲሞላው ሲሆን፣ የሚወጣውም ከመቶ ሁለት ተኩል ነው። ሰደቃ፣ ማለትም በፈቃድ የሚሰጠው ምጽዋት፣ ግን መነሻም ወለልም የለውም፤ አንዲት ተምርም ሰደቃ ናት። አባቴ ሱቅ ሲከፍት ከመጀመሪያው ሽያጭ ላይ አንድ ብር አንሥቶ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይጥል ነበር። እኔም በ14 ዓመቴ ከእርሱ ጋር መሥራት ስጀምር ጣሳውን ለእኔ ሰጠኝና ዓርብ ዓርብ ቆጥሬ ለማን እንደሚሰጥ እንድወስን አደረገ። መስጠትን ያስተማረኝ ያ የመወሰን ኃላፊነት ይመስለኛል። በገቢ ብዛት ቢሆን ኖሮ ዛሬም አልጀመርኩም ነበር።

የሒሳብ ባለሙያ

ሁላችሁም ስለ ልብ ተናገራችሁ፤ እኔ ስለ ደረሰኝ ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለአንድ ሕመምተኛ ማሳከሚያ ተብሎ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰበሰብ የወር ደመወዜን ሩብ ሰጠሁ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የነገረን ሰው አልነበረም፤ እኔም ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ለማንም አልሰጠሁም። ብዙ ወጣት ዝም የሚለው እንዲህ ያለ ነገር ስለደረሰበት ነው። ድርጅት ሲሆን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገቡን መጠየቅ ይቻላል። ዕድር ግን ዋስትናው የራሱ ሒሳብ ነው። ስለዚህ መዋጮው በቴሌብር ወይም በባንክ ይግባ፣ ለመዋጮው ብቻ የተከፈተ ሒሳብ ይኑር፣ ወር ሲያልቅ ስንት ገብቶ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደተገዛ በቴሌግራም ይነገር። የአረጋውያኑን ፊት ግን ፎቶ አንሥታችሁ አትለጥፉ። በዚህ ጉዳይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ያሳደጉን ሰዎች ጤፍ ሲቀበሉ ጎረቤት እንዲያያቸው አይፈልጉም።

የዕድር ጸሐፊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነት ለመናገር ስብሰባውን «የዛሬ ወጣት» ብዬ የከፈትኩት እኔው ነበርኩ፤ መዋጮውን የቀጠሉትን ሁለቱን ልጆች ዛሬ ማታ አግኝቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለሚቀጥለው ወር እደላ አራት ወጣቶችን ጤፍ እንዲያደርሱ እጋብዛለሁ፤ ስለ ገንዘብ አላነሣም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ በመዋጮው አጠቃቀም ላይ ድምፅ እንስጣቸው ብል ሽማግሌዎቹ እሺ የሚሉ አይመስለኝም። ምን ላድርግ?

የመርካቶ ነጋዴ

ከሙሉው ገንዘብ አይጀምሩ፤ ወጣቶቹ ራሳቸው ያዋጡትን ብቻ እንዲወስኑበት ያድርጉ። ለስድስት ወር ሽማግሌዎቹ ሒሳቡን ይዩት፤ ከዚያ በኋላ ለወጣቶቹ ድምፅ ይሰጣቸው ብለው የሚጠይቁት ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይሆናሉ።