ለዲ6 ዶዘር የሃይድሮሊክ ዊንች ልገዛ ነው፤ ከመክፈሌ በፊት ምን ልይ?

ጥያቄ፦ ባለ ዶዘሩ (ጅማ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሥራዬ የገጠር መንገድ ነው። አሁን በደዶ በኩል ወደ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚወርድ ስምንት ኪሎ ሜትር መንገድ ይዣለሁ፤ እሸት ቡና መለቀም ሳይጀምር መኪና ማስገባት አለበት። የጅማን ክረምት ለማያውቅ፦ ቀዩ አፈር ሲረጥብ ሳሙና ነው፤ ዝናቡም መስከረም ጠባ ብሎ አይተወንም።

ባለፈው ሳምንት ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ጎማው እስከ ግማሽ ሰመጠብኝ። ዶዘሩን አስጠግቼ በሰንሰለት ልጎትተው ስል ዶዘሩም እዚያው ጭቃ ላይ መንሸራተትና መስመጥ ጀመረ። በመጨረሻ ጠጠሩን በአካፋ አራግፈን መኪናውን ያወጣነው በሁለተኛው ቀን ነው። የዚያን ዕለት ዊንች (ገመድ በከበሮ ላይ እየጠመጠመ የሚጎትት መሣሪያ) ልገዛ ቆረጥሁ።

ዶዘሩ ካተርፒላር ዲ6አር ነው፤ ከኋላው ሪፐር (ድንጋያማ መሬት የሚነቅል ጥርስ) አለው። ሁለት ዊንች ቀርቦልኛል። አንዱ ያገለገለ ሆኖ ኃይሉን ከዶዘሩ የኋላ ፒቲኦ (የሞተሩን ኃይል ወደ ውጭ ከሚያወጣው ዘንግ) የሚወስድ፣ ጥርስና ፍሪሲዮን ያለው ነው። ሌላው አዲስ፣ በሃይድሮሊክ ሞተር የሚዞር ነው። የሁለተኛው ሻጭ «40 ቶን ይጎትታል፤ የሪፐሩን ቱቦዎች ፈትተህ እዚያው ላይ ታስራለህ፤ አለቀ» አለኝ። «አለቀ» የሚል ሻጭ ደግሞ ያስፈራኛል። እውነት እንዲህ ቀላል ነው? ገመዱስ ስንት ሚሊሜትር ይሁን?

መልስ፦ አሮጌ ኦፕሬተር

ልጄ፣ በአካፋ ማራገፍህ አያሳፍርም። ብዙዎች ገመድ ከበጠሱ በኋላ ነው አካፋው የሚታያቸው፤ አንተ ከዚያ በፊት አድርገኸዋል። ሒሳቡን ስማ። ጎማው እስከ ግማሽ የሰመጠን መኪና ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ጉልበት የመኪናውን ክብደት ያህል ነው። ሻንሲው ጭቃ ከነካ እጥፉን አስብ። ሲኖትራክህ ከነጠጠሩ 35 ቶን ቢሆን 35 ቶን መሳብ አለብህ። ባዶውን 15 ቶን ቢሆን 15 ብቻ። ከዊንች ሁሉ ርካሹ አካፋ ነው።

አሁን ወደ 40 ቶኑ። ዶዘርህ ዊንቹን ተሸክሞ ወደ 20 ቶን ይመዝናል እንበል። የሚሄድበት የእግር ሰንሰለቱ እርጥብ ሸክላ አፈር ላይ ቆንጥጦ የሚይዘው ከክብደቱ 70 በመቶ ያህል ነው፤ ይህም 14 ቶን መሆኑ ነው። ዊንቹ ከዚያ በላይ ሲስብ መኪናው አይወጣም፤ ዶዘሩ ወደ ኋላ ወደ መኪናው ይሄዳል። ብሌዱን (የፊቱን አፈር መግፊያ) አፈር ውስጥ ከቀበርክ፣ ሰንሰለቶቹም የሚደገፉበት እርከን ቆፍረህ ከገባህበት ይጨምራል፤ እንደዚያም ሆኖ 40 ቶን ዝም ብሎ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ነው። የዊንች ጥቅሙ ቁጥሩ አይደለም። አንተ 50 ሜትር ርቀህ ደረቅ መሬት ላይ ትቆማለህ፤ ባለፈው ሳምንት ያጣኸው እሱን ነው።

መልስ፦ ቡና ነጋዴው

ለአንድ ክረምት ብለህ ይህን ሁሉ ገንዘብ ከምታወጣ ኤክስካቫተር ተከራይተህ ብታወጣው አይሻልም?

መልስ፦ አሮጌ ኦፕሬተር

ወንድሜ፣ ኤክስካቫተሩን እዚያ የሚያደርሰው ሎቤድ በየትኛው መንገድ ይገባል? መንገዱን ገና እየሠራው ነው እኮ።

መልስ፦ የአጂፕ መካኒክ

እኔ የፒቲኦው ወገን ነኝ፤ ከወዲሁ ልናገር። ለሠላሳ ዓመት የሠራ ዊንች ፈትቼ ኩሽኔታና የፍሪሲዮን ሸራ ቀይሬ መልሼዋለሁ። ሲበላሽ ድምፅ ያሰማል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፤ ታውቅበታለህ። የሃይድሮሊክ ሞተር ግን አንድ ቀን ቆሻሻ ከዋጠ የሚጠገን ነገር አይተርፍም።

ነገር ግን ለአንተ ዶዘር ሁለት ነገር መታየት አለበት። ፒቲኦ ሁሉም ዶዘር ላይ ተሟልቶ አይመጣም። በሪፐር ታዝዞ የመጣ ማሽን ከኋላ ክዳን ብቻ ኖሮት ውስጡ ዘንጉና ጥርሱ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የማሽኑን መለያ ቁጥር ይዘህ የዕቃ መጽሐፉን አስፈትሽ። ሁለተኛው፣ ዊንች የሚታሰረው ሪፐሩ የታሰረበት ቦታ ላይ ነው። ሁለቱ ባንድ ላይ አይሄዱም። በደዶ ቁልቁለት ድንጋይ ካለብህ ሪፐሩን አውልቀህ በምን ልትነቅለው ነው? ይህን ሳትወስን ብር አትክፈል።

መልስ፦ የኪቶ ፉርዲሳዋ

የአጂፑ ወንድማችን ያለው ልክ ነው፤ የሃይድሮሊክ ዊንች ጠላቱ ቆሻሻ ዘይት ነው። ሆኖም የፒቲኦው ዊንች ድክመት ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የገመዱ ፍጥነት ከዶዘሩ ሞተር ዙር ጋር ይታሰራል። መኪናው በጣት በጣት እንዲንቀሳቀስ ስትፈልግ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተትክ ነው፤ እሱም ይግላል። ሃይድሮሊኩ ግን ከዜሮ ጀምሮ እጀታውን በገፋኸው ልክ ይዞራል። እኔ ከሁሉ የምወድለት ደግሞ የግፊት መገደቢያ ቫልቩን ነው፤ ዊንቹ ከ15 ቶን በላይ እንዳይስብ ብትፈልግ ግፊቱን ዝቅ አድርገህ ታስረዋለህ። ገመዱ ከመበጠሱ በፊት ዊንቹ ይቆማል።

ሻጩ ያለው «የሪፐሩን ቱቦዎች ፈትተህ እዚያው ላይ ታስራለህ» ግን አደገኛ ምክር ነው። ሪፐር ሲሊንደር ነው፤ ዊንች የሚዞር ሞተር ነው። የሲሊንደር ቫልቭ እጀታው መሃል ላይ ሲሆን ሁለቱንም መስመር ይዘጋል፤ ግፊት ውስጡ ታፍኖ ይቀራል። የዊንች ፍሬን በስፕሪንግ የሚይዝ፣ በዘይት ግፊት የሚለቅ ነው። የታፈነ ግፊት ካለ ፍሬኑ በሙሉ ኃይሉ አይይዝም፤ ሸክሙ ላይ ቆሞ የነበረው ዊንች ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ መሃል ላይ ሁለቱንም መስመሮች ወደ ታንከሩ የሚከፍት የሞተር ስፑል (ቫልቩ ውስጥ ተንሸራቶ የዘይቱን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ) መቀየር ያስፈልጋል።

ሌላው፣ ባለ ፒስተን የሃይድሮሊክ ሞተር ከሁለቱ ትልልቅ ቱቦዎች ሌላ ሦስተኛ ቀጭን ቱቦ አለው። በውስጡ የሚያመልጠውን ዘይት ያለምንም ግፊት በቀጥታ ወደ ታንከሩ የሚመልስ ነው። ሪፐር ይህን መስመር ስለማይፈልግ ዶዘርህ ላይ አታገኘውም። ከመመለሻው ቱቦ ጋር ካገጣጠሙልህ ግፊት ተመልሶ ይገባና የዘንጉን የዘይት ማገጃ ጎማ ይተፋዋል። ይህን ስህተት ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም «ዕቃው ቻይና ስለሆነ ነው» ይባላል። ቱቦው ግን ጅማ ላይ ነበር የታሰረው።

አሁን ለሻጩ የምትጠይቀው፦ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ሊትር ዘይት፣ በስንት ባር ግፊት ይፈልጋል? ከዶዘርህ ጋር ማመሳከሪያው ይኸውልህ። ሊትሩን በባሩ አባዝተህ ለ600 ብታካፍለው ኪሎዋት ይሰጥሃል። 150 ሊትር በ200 ባር 50 ኪሎዋት ነው። በመንገድ የሚጠፋውን ቀንሰህ ገመዱ ላይ 40 ይደርሳል በል። በዚህ ኃይል 10 ቶን ስትስብ ገመዱ በደቂቃ ወደ 24 ሜትር ይሄዳል፤ 20 ቶን ስትስብ ወደ 12። ከዚህ የተሻለ ጉልበትም ፍጥነትም አንድ ላይ የሚሰጥህ ሻጭ ካለ፣ ተአምር እየሸጠ ነው።

40 ቶኑም ቢሆን ከበሮው ባዶ ሲሆን የሚለካ ነው፤ መጀመሪያው ዙር ላይ። ከበሮው ባዶውን 25 ሴንቲሜትር፣ ገመዱ ሞልቶበት 50 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ሙሉ ሲሆን የሚስበው 20 ቶን ነው። መኪናው በቀረበህ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል ማለት ነው።

መልስ፦ ባለ ዶዘሩ

እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ስለ ሦስተኛው ቱቦ ለሻጩ ደውዬ ጠየቅሁት፤ «እሱ ብዙም አስፈላጊ አይደለም» አለኝ። የሊትሩን ጉዳይ «ልጠይቅልህ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

መልስ፦ ሽቦ ፈሪው

ስሜ ምክንያት አለው። የተበጠሰ የብረት ገመድ ሲመለስ አይታይም፤ የሚሰማው ፉጨቱ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ዶዘርን የኋላ መብራትና የካቢኑን መስታወት ይዞ ሄደ፤ ኦፕሬተሩ የተረፈው መቀመጫው ላይ ጎንበስ ብሎ ስለነበረ ነው። ካቢንህ ከኋላ ጠንካራ የብረት ወንፊት ከሌለው ዊንቹን አትግዛ። ገመዱ ሲወጠር ደግሞ ሰው ሁሉ ቢያንስ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ። የሰፈር ልጆችን ማባረር የሥራው ግማሽ ነው።

ስለ ውፍረቱ፦ ጥሩ ደረጃ ያለው፣ እምብርቱ ብረት የሆነ 22 ሚሊሜትር ገመድ የሚበጠሰው 30 ቶን አካባቢ ነው። 26 ሚሊሜትሩ ወደ 43 ቶን ይደርሳል። እንግዲህ 40 ቶን የሚስብ ዊንች ላይ 22 ጠምጥመህ አስበው። እምብርቱ ቃጫ የሆነውን አይነት አትውሰድ፤ ከበሮ ላይ ሲጨመቅ ይጠፈጠፋል። ጓንት አድርገህ በየጊዜው ፈትሸው፤ በአንድ ሙሉ የጥምዝ ርዝመት (አንዱ ጉንጉን ገመዱን አንድ ጊዜ ዞሮ እስኪመለስ ባለው) ውስጥ ስድስት የተቆረጡ ሽቦዎች ካየህ፣ ወይም በአንዱ ጉንጉን ብቻ ሦስት፣ ጣለው። አትቋጥረው፤ በመብራትም አትበየደው። ከበሮው ላይ ሁልጊዜ ቢያንስ ሦስት ዙር ይቅር፤ የጫፉ ማሰሪያ ብቻውን ሸክም አይችልም።

መልስ፦ አሮጌ ኦፕሬተር

ማንም ያላነሳውን ልጨምር። ገመዱን ወደ መኪናው የሚወስደው ማን ነው? ረዳትህ ነው፣ በጭቃ ውስጥ። 22 ሚሊሜትር ገመድ በሜትር ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 60 ሜትሩ 120 ኪሎ ነው። ከበሮው ከጥርሱ ተላቆ በነፃ የሚዞር መሆኑን በእጅህ ስበህ ፈትን። ከበደ ከሆነ ረዳትህ በሁለተኛው ቀን አይመጣም። በጣም ቀለለ ከሆነም ገመዱ ተፈትቶ ከበሮው ላይ ይጠላለፋል፤ ስለዚህ የሚስተካከል ማጥበቂያ ይኑረው።

መዘውርም አብረህ ግዛ። መዘውሩን መኪናው ላይ አስረህ፣ የገመዱን ጫፍ ትልቅ ዛፍ ላይ ካሰርክ፣ ዊንቹም ዶዘሩም የሚሸከሙት ግማሹን ገደማ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱም በግማሽ ይወርዳል። ጫፉን መልሰህ ዶዘሩ ላይ ካሰርከው ግን ዊንቹ ያርፋል እንጂ ዶዘሩ አያርፍም፤ ይኸው ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ዛፉን በሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ እሰር፤ በባዶ ሽቦ ልጡን እንዳትመልጠው። ያ ዋንዛ የሰውየው ቡና ጥላ ነው፤ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅድ።

መልስ፦ የአጂፕ መካኒክ

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የገመድ መውጫ ሮለሮቹን ነው። ከጎን ከሳብክ ገመዱ የከበሮውን ከንፈር እየጋጠ ይበላል፤ ሦስት ወይም አራት ሮለር ያለው መውጫ ይኑረው፤ ሮለሮቹም ቅባት የሚገባባቸው ይሁኑ። ቢሆንም ከጎን መሳብ ዶዘርን ይገለብጣል፤ በተለይ ተዳፋት ላይ። ዶዘሩን አዙረህ ፊት ለፊት መስመር ላይ አቁመው።

መልስ፦ ባለ ዶዘሩ

የደረስኩበትን ላሳውቃችሁ። ፒቲኦውን አስፈተሽኩ፤ በመለያ ቁጥሩ መሠረት ማሽኑ ሲመጣ ዘንጉ አልተገጠመለትም። ያገለገለው ዊንች ስለዚህ ከነዘንጉና ከነጥርሱ ካልተገኘ አይሆነኝም። የሃይድሮሊኩን ሻጭ ትቼ ሌላ ቦታ ጠየቅሁ፤ እዚያ ያለው ዊንች በስም ሰሌዳው ላይ የሚፈልገው ሊትርና ባር ተጽፎበታል፣ ሦስተኛዋ ቱቦም ክዳን ተደርጎላት አየኋት። በባዶ ከበሮ 25 ቶን ነው። 26 ሚሊሜትር ገመድ ይወስዳል። የሞተር ስፑሉንም አብረው ይሰጣሉ።

የቀረኝ ሪፐሩ ነው። ድንጋዩ ያለው የመጀመሪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ እሱን በሪፐር ጨርሼ ከዚያ ላውልቀው ብዬ አስቤያለሁ።

መልስ፦ የኪቶ ፉርዲሳዋ

25 ቶን ከ26 ሚሊሜትር ገመድ ጋር ከመጀመሪያው በጣም ይሻላል። ግን የተጻፈውን ሊትር ዶዘርህ መስጠቱን አታምን፤ አስለካ። ፓምፕህ ካረጀ ዘይቱ ሲሞቅ የሚሰጠው ይቀንሳል። ስለዚህ ማሽኑን አንድ ሰዓት ያህል አሠርተህ፣ ዘይቱ ትኩስ ሳለ፣ በሪፐሩ መስመር ላይ መለኪያ አስገብተህ እየው። ቱቦ የሚፈታው ሰውዬ ክፍት አፎቹን ሁሉ ወዲያው ይክደን፤ በንጹሕ ፕላስቲክም ቢሆን። ከተገጠመ በኋላ የመመለሻውን ፊልትሮ ከመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት በኋላ ቀይር።

መልስ፦ ባለ ዶዘሩ

መለኪያውን ከየት ነው የማገኘው?

መልስ፦ የአጂፕ መካኒክ

እኔ ጋር አለ። ሐሙስ ሁሉም ሂርማታ ገበያ ስለሚወርድ ጋራዡ ባዶ ነው፤ አርብ ጠዋት እመጣለሁ። የሪፐሩን ፔርኖዎች (የማሰሪያ ብረቶች) ስትነቅል ግን በቁጥር ይዘህ በዘይት ጨርቅ ጠቅልለህ አስቀምጥ፤ ክረምቱ ሲያልፍ ትፈልጋቸዋለህ።