«በስም ብቻ አየር ወለድ»

መድፈኛው፦ ትናንት ማታ በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረበ እንግዳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሩሲያ ውስጥ ስለተካሄደው የፕሮኾሮቭካ የታንክ ውጊያ ሲያወራ የሶቪየቱን 9ኛ ጋርድ (ማለትም የክብር ማዕረግ ያለው) አየር ወለድ ክፍለ ጦር «በስም ብቻ አየር ወለድ» ብሎ አለፈው። አንድም ቀን ከአውሮፕላን ወደ ውጊያ ስላልዘለለ ነው አሉ! ጁላይ 11 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ኤስ.ኤስ. ላይብሽታንዳርተ ክፍለ ጦር የባቡር ሐዲዱን ጥግ ተከትሎ ከፍታ 252.2 የሚባለውን ኮረብታና ኦክቲያብርስኪ የተባለውን የመንግሥት እርሻ ሲይዝ፣ ፕሮኾሮቭካ ደጃፍ ላይ የገታው ከረጅም ጉዞ በኋላ ገና መድረሱ የነበረው ይኸው የኮሎኔል ሳዞኖቭ ክፍለ ጦር ነው። የሶቪየቱ ጄኔራል ሮትሚስትሮቭ ታንኮች ዝነኛውን መልሶ ማጥቃት የጀመሩት በማግስቱ ነበር።

ጠያቂዋ፦ ጀግንነታቸውን የካደ የለም፤ ሰውየው የተናገረው ስለ ስሙ ነው። በ1942 መጨረሻ ዐሥሩ ጋርድ አየር ወለድ ክፍለ ጦሮች ተቋቁመው፣ ጥቂት ወራት ሳይቆዩ በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ ወዳለው የዴሚያንስክ ረግረግ እንደ ማንኛውም እግረኛ ተላኩ። የሚያጓጉዛቸው አውሮፕላን ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

ቆለኛው፦ እኛ ግን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ስንባል ነው ያደግነው። የሞስኮው መልአክ ምነው አውሮፕላኑን ረሳው?

መድፈኛው፦ ቀልዱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ። እኔን ያናደደችኝ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት። አየር ወለድ ማለት ፓራሹት ብቻ አይደለም፤ ከባድ መሣሪያ ሳይኖረው፣ ከወገን ተለይቶ፣ ዙሪያውን ተከቦ መዋጋትን ገና ከሥልጠናው ጀምሮ የሚጠብቅ ወታደር ማለት ነው። ከአውሮፕላን አለመውረዱ ይህን ሁሉ ከላዩ ላይ አያራግፈውም።

ጠያቂዋ፦ «ብቻ»ን እርስዎ ከያዟት እኔም አልለቃትም። በ1943 ሴፕቴምበር 24 ሌሊት 3ኛውና 5ኛው ጋርድ አየር ወለድ ብርጌዶች የዲኒፐርን ወንዝ ተሻግረው ዩክሬን ውስጥ ቡክሪን አካባቢ ሲዘሉ፣ አውሮፕላኖቹ የጀርመንን ፀረ አውሮፕላን ተኩስ ፈርተው ከታቀደው ከፍ ብለውና ፈጥነው ይበሩ ስለነበር፣ ከ4,500 በላይ ሰው እንደ ዘር ተበተነ። አንዳንዱ በቀጥታ ጀርመኖች ላይ፣ አንዳንዱ ወንዙ ውስጥ ወረደ፤ የ5ኛው ብርጌድ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ሲዶርቹክ የተበታተኑትን ጫካ ለጫካ ሲለቅም እስከ ኖቬምበር ቆየ። የስሙን ዋጋ የከፈሉት እነዚህ ናቸው። በባቡርና በእግር ለመጣው ሁሉ እኩል ካደልነው ምን ቀረላቸው?

ሽማግሌው፦ ሁለታችሁም ፕሮኾሮቭካ ድል እንደ ነበረ አድርጋችሁ ነው የምትናገሩት። ጁላይ 12 የሮትሚስትሮቭ ታንኮች ከወገን ምሽግ ፊት ለፊት የተቆፈረ የፀረ ታንክ ጉድጓድ ውስጥ እየገቡ እንደ ተቀበሩ፣ በአንድ ቀን ከ200 በላይ ታንክ እንደ ጠፋ ለምን አይነሣም? ጉድጓዱን የቆፈረው የራሳቸው ወገን ነው፤ መኖሩን ለታንከኞቹ የነገራቸው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል።

መድፈኛው፦ ጋሼ፣ እሱ ሌላ ክርክር ነው፤ ደግሞም እኔን ያግዛል። ታንኩ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀር መሬቱን ይዞ የቀረው ማን ነበር? እግረኛው ነዋ!

ጠያቂዋ፦ «እግረኛው» ያሉት እርስዎ ኖት፤ ይመዝገብልኝ።

ቆለኛው፦ ተመዝግቧል።

መድፈኛው፦ በአንድ ቃል መንጠልጠል ክርክር አይደለም።

ጠያቂዋ፦ ከጠዋት ጀምሮ «ብቻ» ላይ የተንጠለጠለው ማን ሆነና ነው? ይልቅ ይህን ይመልሱልኝ፤ በ1945፣ ጦርነቱ እንዳበቃ፣ ይኸው ክፍለ ጦር 116ኛ ጋርድ እግረኛ ተባለ። አየር ወለድ የሚለውን ስም የሻሩት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው።

መድፈኛው፦ ካለቀ በኋላ መሆኑን ልብ ይበሉ። የዩክሬኗን ከተማ ፖልታቫን ሲያስለቅቅም ሆነ ጀርመን ድረስ ሲገባ የተጠራው አየር ወለድ ተብሎ ነው፤ «ፖልታቫ» የሚለውንም የክብር ስም ያገኘው በዚያው ስሙ ነው። ሰላም ከሆነ በኋላ በጽሕፈት ቤት የተቀየረ ስም ከፍታ 252.2 ላይ ለሞተው ልጅ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም።

ጠያቂዋ፦ ለሞተው ልጅ አክብሮት አለኝ። «ብቻ»ን ግን አልለቃትም።

ሽማግሌው፦ የጉድጓዱን ጥያቄ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።